ከውድ ባለቤታቸው ጋር

«ቆይ፣ አጎቴ ይምጣና አባዬ እንደ አዲስ ይፈጠራል» አለች የእህቱ ልጅ። «ለሩብ ሰዓት ያህል እማዬም የተወደደች ሚስት ትሆናለች።»

አፈ ማር ይህን የሰማው በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ ከጣቶቹ መሃል የደረቀ ሰማያዊ ቀለም ሲፈገፍግ ነው። ልጅቷ የምታወራው ከጓደኛዋ ጋር ነው፤ የሐዘንተኛውን ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ዛሬ ይዘንባል ወይስ ያባራል እንደሚባባሉ ሰዎች ዝም ብላ ነው የተናገረችው፤ ጓደኛዋም አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም፤ ነገሩን ከዚህ በፊት ታውቀዋለች ማለት ነው። አፈ ማር ቧንቧውን ዘጋው። ወዲያው ደግሞ መልሶ ከፈተው፤ ውሃው ዝም ሲል እዚያ መቆሙን ያሳብቅበታል ብሎ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ለዛሬ ከባለቤቱ ጋር ታርቆ ምንም አላመለጠውም።

አፈ ማር ያሉት የጸሎት ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የጫማ መደብሩን ስም ሲጽፍ ይውላል። ጸጋው ግን የሟቾችን የሕይወት ታሪክ አሳምሮ መጻፍና ማንበብ ነው። በዚያ ጉባኤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ መጋቢው ይጠራሉ፤ ቀጥሎ እሱ። ነገረኛው «ለእውነት የቆመ»፣ ገብጋባው «ቁጥብ»፣ አብሮት ሻይ የሚጠጣ ሰው ያልነበረው ደግሞ «ዝምታን የሚወድ» ተብሎ በክብር ይቀበራል። አንድ ቀልደኛ አዛውንት፣ «እሱ ያነበበለት ሰው ሰማይ ቤት ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው አንተ አይደለህም እየተባለ» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ሲያመሰግኑት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «መክሊቱን ቀበረ እንዳልባል ነው» ይላል። ደግሞም ከልቡ ነው። የቀለም ቆርቆሮ ዋጋ በየወሩ እየናረ፣ ደንበኛው ሁሉ ወደ ማሽን ኅትመት እየሄደ ባለበት ጊዜ፣ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው በዚህ ጸጋው ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም እንጂ እሱም ያውቀዋል።

የዛሬው ሟች የታላቅ እህቱ ባል ነው። እሱም በበኩሉ ባለ ጸጋ ነበር፤ ጸሎተኛው ይሉታል። በሥራው የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ቀጭን ሰው ነው፤ በአዳራሹ ተነሥቶ ሲጸልይ ግን የደነደነ ልብ ይቀልጣል። ልጁ ሞቶበት ሱቁን ዘግቶ አልጋ ላይ የዋለውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ቤቱ ሄዶ እጁን ይዞ አንድ ከሰዓት ሙሉ ጸልዮለት፣ ሰውየው በማግስቱ ምድጃውን አንድዷል። አፈ ማር ራሱ በእህቱ ባል ጸሎት ስንት ጊዜ አልቅሷል። እና አሁን ይህች ልጅ ምን ማለቷ ነው?

እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ጓደኛዋ ፊቱን ስታየው ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ውልቅ አለች። የእህቱ ልጅ በመጀመሪያ ቀልድ ነው አለችው። ቀጥሎ አይደለም አለች። ከዚያ እጆቿን የሳሙና ውሃ ውስጥ እንደነከረች ነገረችው። አባቷ እናቷን ካናገራት አሥር ዓመት አልፎታል። በዱላ አልነካትም፣ አልሰደባትም፣ ከቤት አላስወጣትም፤ ዝም ነው ያላት። የሚፈልገው ነገር ሲኖር እናቷ እዚያው አጠገቡ ቆማ እያለች ልጅቷን ይጠራና «ለእናትሽ ሳሙና አልቋል በያት» ይላል። እሷም ዞር ብላ «እማዬ፣ ሳሙና አልቋል» ትላለች። እናቷም «ነገ ይገዛል በይው» ትላለች። ልጅቷ በሁለቱ መሃል ፖስተኛ ሆና አደገች። አግብታ ከቤት ስትወጣ ደግሞ ያችም መልእክት ቀረች። «ስደውልላት ሌላ ነገር አትለኝም» አለችው። «እስኪ አውሪኝ ነው የምትለኝ። የሆነውን ያልሆነውን ብቻ አውሪኝ።»

አፈ ማር እንዴት አላየሁም ብሎ ራሱን ጠየቀ። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከሰዓት እዚህ ቤት ይመጣል። አማቹ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ስለ ኑሮው ይጠይቀዋል፣ ያጫውተዋል። እህቱ ሻይ ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ታነሣለች፣ ገባ ወጣ ትላለች። በዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ባልና ሚስቱ አንዲት ቃል እንዳልተለዋወጡ ልብ አላለም። ልብ ያላለበትንም ምክንያት እዚያው ቆሞ አወቀው። ያኔ የሚያወራው እሱ ነበር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለውን ተረት በስንት ጨዋታ ላይ ተርቶታል፤ አልጋው ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ የነበረ እንግዳ ግን ቀጋውን ከየት ያየዋል።

እህቱ ባሏ ታሞ ተኝቶበት በነበረው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ፍራሹ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፏል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የመድኃኒቱና የቅባቱ ሽታ ግን ገና አልወጣም። አንሶላ እያጠፈች ነው። ሳትጠይቀው የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘላት። ወደ እሷ ይጠጋል፣ ጫፉን ያስረክባታል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለት አንሶላ አጠፉ። በሦስተኛው ላይ፣ ልጅቷ የነገረችውን ሰምቻለሁ አላት። የልጅቷ አፍ አያርፍም አለች። ቆይታ ግን ነገሩ ከውኃ የቀጠነ ምክንያት እንደነበረው ነገረችው። አንድ ቀን በእንግዶች ፊት ባሏ ስለ አንድ የድሮ ጉዞ ሲተርክ፣ «ኧረ እንደዚያ አልነበረም፤ የወደቅከው አንተ ነህ» ብላ አርማው ነበር። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መናገር አቆመ። ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ስንት ጊዜ እግሩ ሥር ተቀመጠች። በመጨረሻ እሷም ደከማት። ለማን ትናገር? ሰው ሁሉ «አንቺ የታደልሽ፣ ያን ጸሎት በየቀኑ የምትሰሚ» ይላታል።

ሲታመም ይለወጣል ብላ አስባ ነበር። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው የምታነሣው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው እሷ ነበረች። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑ ይበራል። በደከመ አንደበቱ አንድ በአንድ ይመርቃቸዋል፤ እያለቀሱ ይወጣሉ። እሷ ማንኪያ ይዛ ስትጠጋ አፉን ይከፍታል፣ ዓይኑን ግን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባለፈው ሳምንት መጋቢው መጥተው፣ በልብህ የያዝከው ሰው ካለ ብለው ጠየቁት። ማንንም አልያዝኩም፣ ሁሉን ይቅር ብያለሁ አላቸው።

«እኔ በሩ ላይ የሾርባ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር» አለች እህቱ። «ይቅር የተባልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

አፈ ማር የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ለሐዘንተኛ ሁሉ የሚላትን ቃል ሊጀምር ነበር። እሷ ግን ማጽናኛ አልፈለገችም። አንሶላውን ከእጁ ወስዳ ከሌሎቹ ላይ ደረበችና ፊት ለፊት አየችው።

«ክፉ እንድትናገርበት አልፈልግም። የልጆቼ አባት ነው፤ ጸሎቱም ብዙ ሰው አንሥቷል። ግን ያቺን መስመር አታንብብብኝ።»

«የቷን?»

«አንተ ታውቃታለህ። ለሁሉም የምታነባትን።»

ያውቃታል። «ከውድ ባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመተሳሰብ ኖረዋል» የምትለዋ ናት። ከልጆች ብዛት ቀጥላ፣ ከአገልግሎት ቀድማ የምትመጣ መስመር ናት። ያለ እሷ የቀበረው ባለ ትዳር የለም።

«ብተዋት ሰው ሁሉ ልብ ይላል እኮ፣ እትዬ።»

«ይበል። ብታነባት ግን እኔ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ በሕዝብ መሃል አሜን ማለቴ ነው። እስከ ዛሬ ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም።»

ቀብሩ ከሰዓት ነው። ለመጻፍ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ፤ የመንገድ ዳር አንድ ክፍል ናት፣ ተርፔንታይን የምትሸት፣ የከተማው ብናኝ ሁሉ የሚገባባት። የሕፃናት ክሊኒክ ሰሌዳ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ በእርሳስ መስመር ብቻ ተሰምሮ ቆሟል። ወረቀት አወጣ። እጁ ልማዱን ያውቃልና የትውልድ ዘመኑን፣ ትምህርቱን፣ የሥራውን ዓመታት ሳይቸገር ጻፈ። ልጆቹን ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ሱቅ የዛገ ቆርቆሮ አምጥቶ፣ ዝገቱን ሳትፋቅ በላዩ ቀባልኝ፣ እቸኩላለሁ ቢለው አባሮታል። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ለአንድ ክረምት ያምራል፣ ከዚያ ከነፊደሉ ይረግፋል፤ ታፔላ ጻፊውም ይሰደባል ብሎ ነበር። ለቆርቆሮ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በሰው ላይ ሲደርስ ስንት ዓመት ዝገት ላይ ሲቀባ ኖረ? መክሊቱን ቆፍሮ የቀበረው ባሪያ በጌታው ተወቅሷል፤ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። አላፊ አግዳሚው ደስ እንዲለው በየመንገዱ የበተነውስ ምን ይባል ይሆን? ስለ እሱ የተሰበከ ስብከት አላስታወሰም።

የከበደው ደግሞ የአማቹ ጸጋ እውነተኛ መሆኑ ነበር። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ግን በእርግጥ ተነሥቷል፤ እሱ ራሱም ያለቀሰው በእርግጥ ነው። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው አንደበት ሰጥቶት፣ ሰውየው ያን አንደበት ለደጅ ሁሉ አድሎ ለገዛ ቤቱ አንዲት ቃል ነፈገ። ይህን በአንድ ገጽ ላይ እንዴት አድርጎ ይጽፋል? ማጋለጥ አይችልም፤ እህቱ አልፈቀደችም፤ ሬሳ ደግሞ መልስ አይሰጥም። መዋሸት አይችልም። ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ አጭር ታሪክ ጻፈ። ስለ ግምጃ ቤቱ፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አሰፈረ። ስለ ትዳሩ ያገባበትን ዓመት ብቻ ጽፎ ወደ ሌላው አለፈ። ያቺ መስመር የነበረችበት ቦታ ላይ ነጥብ አደረገ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ውስጥ በተከራዩት ወንበሮች መሃል ቆመው የአበባ ዋጋ እንዴት በእጥፍ እንደ ጨመረ ለአንድ ዘመድ ሲያማርሩ አገኛቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን አነበቡ። አጠር አላለም ወይ አሉት። የደከመ ሕዝብ ነው፣ አጭር ይሻላል አላቸው። እንደገና አነበቡና ጣታቸውን ነጥቡ ላይ አሳረፉ። እዚህ ጋ የተረሳ ነገር አለ አሉ። አልተረሳም አላቸው። ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ግቢው ሙሉ ሰው ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አየህ፣ የሁሉም ቤት ላዩን ለእኛ፣ ውስጡን ለቄስ ነው። ወንድሜ ዝምተኛ ነበር፤ አውቃለሁ። የሞተ ሰው ግን በጎው ይነሣለታል እንጂ ሌላ ነገር አይነሣበትም።»

«በጎውን ሁሉ አንሥቼለታለሁ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ብዙ አልተከራከሩም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በኮምፒዩተር አስጽፌ፣ በትልልቅ ፊደል አድርጌ አመጣልሃለሁ፣ ለማንበብ ይቀልሃል አሉት። አፈ ማር አመሰገናቸው። ነገሩ በዚህ አለቀ ብሎ ደስ አለው። የሚያውቁት ሁሉ የሚሉት ነው፤ እሱ ሰው ላይ ክፉ አይጠረጥርም።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። አስከሬኑ ከፊት፣ በግራ በኩል ቤተ ሰቡ። እህቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ናት፤ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሳጥኑን እጀታ ታያለች። ልጅቷ ከጎኗ ናት። መጋቢው ጸልየው ሲጨርሱ ሽማግሌው ተነሥተው የተጻፈውን ወረቀት በእጁ አኖሩት፤ እየተመለሱም ትከሻውን ቸብ አደረጉት። አፈ ማር ማንበብ ጀመረ። ድምፁን ሲያነሣ አዳራሹ እንደወትሮው ጸጥ አለለት። የትውልድ ዘመን። ትምህርት። ሥራ። ሰው ወደ ፊት ዘንበል ማለት ጀመረ፤ አንዳንዶች መሐረባቸውን አወጡ። ይህን ጸጥታ ይወደዋል። ከስንት ዓመት ልምድ በኋላ አፉ ከዓይኑ ቀድሞ ይሮጣል፤ አንዱን መስመር እያነበበ የሚቀጥለውን አፉ ያውቀዋል። ከልጆች ቀጥሎ «ከውድ ባለቤታቸው ጋር» ሲል የገዛ ድምፁን ሰማ።

ቆመ። ወረቀቱን አየ። በትልልቅ ፊደል ተጽፋ እዚያው አለች፤ በፍቅርና በመተሳሰብ ኖረዋል። እሱ ነጥብ ያደረገበት ቦታ ላይ ሽማግሌው አስገብተዋታል። ቀና ሲል እህቱ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋለች። አልተናደደችም፤ ሊያወርዱባት የያዙትን ሸክም ለመቀበል ትከሻዋን እንደሚያመቻች ሰው ነበር የሆነችው። እንዲያ አጎንብሳ መጠበቋ አንጀቱን በላው። ግማሹን ዓረፍተ ነገር ተናግሯል፤ ሊመልሰው አይችልም፤ ሦስት ቃል ቢጨምር ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገም አፈ ማር ይባላል። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ የእህቱን ስም ጠራ። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነው የጠራው፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል።

«ከእህቴ ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል» አለ። ድምፁ እንደወትሮው አላማረም። «ታመው በተኙ ጊዜ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ሌሊት እየተነሣች ያገላበጠቻቸው እሷ ናት። ማንም አመስግኗት አይደለም። እኛ ሁላችን በጸሎታቸው ተጽናንተናል፤ እሳቸው ለእኛ ሲጸልዩ ቤቱን የያዘችው ግን እሷ ነበረች። እሳቸውን ዛሬ ለእግዚአብሔር እንሰጣለን። እሷን እናመስግናት።»

በዚህ ቦታ አሜን ይባል ወይስ አይባል የተለማመደ ሰው የለም። በመጨረሻ ከመሃል ወንበሮች ዳቦ ጋጋሪው ብድግ አለና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ወደ እህቱ ጎንበስ አለ፤ ተቀመጠም። ሌሎች ጥቂቶች ተከተሉት። የሚበዙት ግን እርስ በርስ ተያዩ። አፈ ማር የቀረውን በቃሉ ተናግሮ ወረደ፤ በደንብ እንዳልተናገረም ያውቃል።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ የተጻፈልህን ማንበብ ያቅትሃል እንዴ አሉት። የጻፍኩትን ነበር ማንበብ የፈለግኩት አላቸው። የቤተ ሰብ ገመና በአደባባይ አወጣህ አሉት። አንዲትም ገመና እንዳልወጣች፣ ሰው የተመሰገነበት ቀን ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልሰሙትም። ከእንግዲህ ለዚህ ነገር ወጣት እናለማምዳለን ብለውት ሄዱ። እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት አንድ ሰው፣ በጠዋት ክንዱን ይዞ «አንድ ነገር ብትሆን ያው የምታነብላት አንተ ነህ» ያለው፣ አሁን ሰላምታ ሰጥቶት በሌላ በኩል አለፈ። ይህ ጸጋ እግዚአብሔር የሰጠው ብቻ አልነበረም፤ አፈ ማርም ሕይወቱን አስጠግቶበት ነበር። ዛሬ በተገቢው ቦታ ያዋለው መሰለው፤ ያዋለበት ቀን ደግሞ ያጣበት ቀን ሆነ። አላዘንኩም ቢል ውሸት ነው።

እህቱ ልጆቿን ቀድማ ከመኪናው አጠገብ ደረሰች። ክንዱን ያዘችው። የምትቆጣው መሰለውና፣ በሕዝብ ፊት ስላነሣሁሽ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«ስሜን ስትጠራ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ» አለች። «ሌላ ሴት የተጠራች መስሎኝ።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠና አለቀሰች፤ ግንባሯን ወንድሟ ደረት ላይ አስደግፋ፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። በአጠገባቸው ያለፉ ሴቶች ቆመው ከንፈር መጠጡ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «ይብላኝ ለእሷ፤ እንዲህ የሚወዱትን ባል ቀብሮ ቤት መግባት» አለች። አፈ ማር ሰማ። እህቱም ሰማች። አንዳቸውም መልስ አልሰጡም፤ የመኪናውን በር ከፈተላትና ከጎኗ ተቀመጠ።